አረንጓዴ የተቀባው ኮረብታ

ጥር 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት ጉልበትዎ ተሽሎት፣ ቤትዎም ሞቆ እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ አልቻል ብሎኛል፤ ከሥራ ስመለስ ጣቶቼ የሌላ ሰው ይመስሉኛል።

ጋሼ፣ ካሜራ ያለውን የኢንተርኔት ሳጥን ከላክሁልዎት ዓመት ሆነ። በየወሩ ክፍያውን እከፍላለሁ። በየእሁዱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ለእርስዎ አወራለሁ፤ ተቀርጾ ይላካል። «ተልኳል» ይለኛል። እርስዎም በደብዳቤ «አየሁሽ፣ ሰማሁሽ» ይሉኛል። የእርስዎን ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። መጀመሪያ ዐይኔን አሞኛል አሉኝ፣ ቀጥሎ ጸጉሬን ሳልቆረጥ አይሆንም አሉኝ፣ ከዚያ ደግሞ ካሜራው ጣሪያ ጣሪያውን ብቻ ነው የሚያየው አሉኝ። አርባ ዓመት የስልክ ሽቦ ሲጠግን የኖረ ሰው አንዲት ካሜራ ማዞር አቃተው ብዬ ለማን ላውራ? የማወራው ሰው ቢኖረኝ ማለቴ ነው።

ክፍሌ ከጎማ ጥገና በላይ ነው፤ ይህን ነግሬዎታለሁ። በሥራ ቀን ጩኸቱ ያሰለቸኛል። እሁድ ዝግ ሲሆን ደግሞ ጩኸቱ ይናፍቀኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከአምስት እሁድ በፊት ስለ እናቴ የነገርኩዎት ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቋርጬ በአራተኛው ነው የላክሁት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤዎ ስለ ውርጩና ስለ ጎረቤት ውሻ ብቻ ነው። ያልኩትን እዚህ ወረቀት ላይ አልደግመውም፤ አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ክፉም ይሁን ደግ፣ የሚሉኝን ይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፣

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ብርድ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ራሱን ችሎ የሚኖር ሌላ ሰው ሆኗል፣ ሲፈልግ ይሄዳል ሲፈልግ ይቀመጣል።

አየሁሽ፣ ሰማሁሽም። ከስተሻል። ያቺ ቀይ ሹራብ ግን አምራብሻለች። ስለ እናትሽ ያልሽውንም ሰምቻለሁ። ያለፈ አለፈ፤ እህቴም ዐርፋለች፤ አንቺም ልብሽን አታስጨንቂው።

ይልቅ ስለ ሳጥንሽ አንድ ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ በሬ ተንኳኳ። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ቆጠራ ላይ ነኝ አለ። «እዚህ ቤት ኢንተርኔት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳጥኑ ዳንቴሉን ለብሶ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። «የእህቴ ልጅ ናት ከውጭ ሆና ያስገባችልኝ፣ እንዴት አይኖር!» አልኩት። «ይሠራል?» ሲለኝ «እንዴታ!» አልኩት። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ጡረታ የወጣሁ የስልክ መስመር ቴክኒሻን ነኝ አልኩት። ደስ አለው፣ አስፈርሞኝ ሻዩን ጠጣና ወደ ታች ወረደ። በአንቺ ምክንያት የተከበርኩበት ቀን ነበር።

አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ደግሞ ልጠይቅሽ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፣ ቀትር ላይ ይጎድላል። በቀዝቃዛ ውሃ ልያዘው ወይስ በሙቅ? የጤና ጣቢያዋ ሴት በሙቅ ትላለች፤ እኔ ግን የራሴ ነርስ እያለችኝ የሰው አልሰማም ብያታለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 2

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ቀይ ሹራብ የለኝም። እሱን የዐይንዎ ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የጉልበቱን ግን ማለፍ አቃተኝ። ያን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «አንቺ ነርስ ስለሆንሽ» ብለው ሲጽፉልኝ ምን ልበል? ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ሰው ሲያበሽቁ አውቃለሁ፤ እናቴን ሲያበሽቋት እየሳቅሁ ነው ያደግሁት። በዚህ ነገር ይቀልዱብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ካሁን በኋላ እሁድ እሁድ አላስቸግርዎትም። ባለፈው እሁድ ሞክሬው ነበር። ስልኬን ሳልከፍተው ፊቱ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ የታጠበ ልብስ አጣጠፍኩ፣ ከዚያ ያጣጠፍኩትን እንደገና አጣጠፍኩ። ይለመዳል። ክፍያውን አላቋርጥም፣ ሳጥኑ ለሌላ ነገር ይጠቅምዎታል።

ጉልበቱን በምን እንደሚይዙት አላውቅም። ያቺን ሴት ይስሟት።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 20

ለእህቴ ልጅ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ረጅም ረጅም ሰላምታ ስጽፍልሽ የኖርኩት የምደብቀው ነገር ስለነበረኝ ነው።

እንዴት እንደምጀምረው ስላላወቅሁ እንደ ድሮው የብልሽት ሪፖርት ልጀምረው። ሳጥኑ አይሠራም። ሠርቶም አያውቅም። የመጣ ዕለት ጣሪያ ላይ ይዤው ወጣሁ፣ ጭስ መውጫው ላይ አሰርኩት፣ አዞርኩት፣ ገለበጥኩት። ሞገዱ የሚመጣው ከከተማው ማማ ነው፤ በማማውና በእኔ መካከል ደግሞ ኮረብታው ራሱ ተገትሯል። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም፣ ያ ሳጥን ሙት እንደሆነ አወቅሁ።

ግን ለእናትሽ ቀብር ሳትመጪ ከቀረሽ በኋላ የላክሽው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። አይሠራም ብላት ይከፋታል አልኩ። ስልክ ደግሞ፣ አየሽ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ወጥተሽ ካልቆምሽ አይሰማም፤ ጉልበቴ እዚያ አያወጣኝም። ስለዚህ አንዴ «ሰማሁሽ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ድንቢጤ፣ አንድም እሁድ አላየሁሽም። አንዲት ቃልሽን አልሰማሁም። ቀዩን ሹራብ ከራሴ ነው ያመጣሁት።

አሁን ይህን ያስለፈለፈኝን ነገር ስሚ። የዛሬ አራት ዓመት እኔ ራሴ የሰቀልኩትን የመዳብ ሽቦ ነቅለው ሲወስዱ፣ በመንግሥት ገንዘብ አዲስ መስመር ይገባላችኋል ብለውን ነበር። ጠበቅን። የተማሪዎች ፈተና ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ መምህርቷ ልጆቹን በአውቶቡስ ከተማ እየወሰደች ታስመዘግባለች፣ አምና መንገዱ ሲቆረጥ አራቱ አመለጣቸው። የጤና ጣቢያዋ ሴት ሪፖርቷን ለመላክ ሐሙስ ሐሙስ በሩን ቆልፋ ትወርዳለች፤ ሐሙስ መታመም ክልክል ነው እንላለን። ቀልድ አይደለም ግን። ከዚያ መስመር የሚገባላቸው መንደሮች ዝርዝር ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ሲለጠፍ የእኛ ኮረብታ የለበትም። መምህርቷ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈችና ባለፈው ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሊያስረዳን መጣ። መማሪያ ክፍሉ ውስጥ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ጋ አድርገን ተቀመጥን።

ካርታ ሰቀለ። ኢንተርኔት የሌለው ቀይ፣ ያለው አረንጓዴ ነው አለ። ኮረብታችን ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው።

«ይኼ አረንጓዴ ከየት መጣ?» አለች መምህርቷ። «አርባ ሦስት ቤት ነን። ያለው ማን ነው?»

«መመሪያው በአንድ መንደር አንድ ቤት እንኳ የሚሠራ አገልግሎት ካለው ለመንደሩ ተዳርሷል ይላል» አለ ኃላፊው ወረቀት እየገለጠ። «እዚህ አንድ ቤት አለ። በዚያ ላይ በባለሙያ የተረጋገጠ ነው።»

«በየትኛው ባለሙያ?»

«ጡረታ የወጣ የስልክ ቴክኒሻን ነው የሚለው።»

በዚህ ኮረብታ ላይ ጡረታ የወጣ የስልክ ቴክኒሻን ስንት ያለ ይመስልሻል? አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። መምህርቷ ግን እኔን ትታ እሱን ያዘችው።

«የእኛ ገንዘብስ የት ገባ?»

«ተዛውሮ ለከተማው ገበያ ሰፈር ሁለተኛ መስመር ተሠርቶበታል።»

«ሁለተኛ? አንድ እንኳ የሌለን እያለን?»

«የተዳረሰበት ቦታ ላይ ገንዘብ ማውጣት በኦዲት ያስጠይቀናል፣ እሜቴ።»

«አንድ በር አንኳኩቶ ለአርባ ሦስት ቤት የፈረመውንስ ማን ይጠይቀዋል? ሰውዬው እኮ የተከፈለው አርባ ሦስቱንም እንዲያይ ነው!»

ኃላፊው እሱ ይጣራል አለ። የሚጣራ አይመስለኝም፤ ግን ዝም ማለት እችል ነበር። ሰውዬው ሰነፍ ነው፣ መመሪያው ሞኝ ነው፣ ሁሉም ጣቱን ወደዚያ ቢቀስር እኔ ቤቴ እገባ ነበር። ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ እንጃ፣ ወንበሩ አብሮኝ ተነሥቷል።

«ዋሽቼ ነው የፈረምኩት» አልኩ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጎረቤቴ፣ ልጁ ምዝገባ ካመለጣቸው ከአራቱ አንዷ ናት፣ «ጋሽ ሽቦ፣ ምን አስዋሸህ?» አለኝ።

«ልጅቷ እንዳይከፋት» አልኩ።

ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም።

አሁን ቃሌ በጽሑፍ መቃናት አለበት፤ የከፋዩም ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ከፋይዋ አንቺ ነሽ። ቀነ ገደቡ ሰኔ 6 ነው፣ ፖስታው ደግሞ ሦስት ሳምንት ሄዶ ሦስት ሳምንት ይመለሳል። ቅጹን አብሬ ልኬዋለሁ፤ እባክሽ እንደደረሰሽ ፈርመሽ መልሺው። ካለፈ ለስድስት ዓመት አረንጓዴ ሆነን እንቀራለን።

ስለ እናትሽ የነገርሽኝ ምን ነበር? ንገሪኝ፤ አሁን የሚሰማ ሰው አለ።

አጎትሽ


ግንቦት 14

ጋሼ፣

ቅጹ ይኸው፣ ተፈርሟል። ትናንት ማታ ደረሰኝ፤ ዛሬ ሥራ ከመግባቴ በፊት ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እስኪከፈት ጠብቄያለሁ።

ክፍያውንም አቋረጥኩ። ድርጅቱ ያቋረጥሽበትን ምክንያት ምረጪ ብሎ ዝርዝር ሰጠኝ። ዋጋው ተወዶብኛል፣ ቤት ቀይሬአለሁ፣ ሌላ ድርጅት መርጫለሁ። ሠርቶ አያውቅም የሚል የለም። ቤት ቀይሬአለሁ የሚለውን ነካሁት።

ሃምሳ ስድስት እሁድ ነው ጋሼ። አሁን ሌላ ነገር መጻፍ አልችልም።


ሰኔ 7

ድንቢጤ፣

ፊርማሽ ሰኔ 5 ገባ። ትናንት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወርጄ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ስደርስ ጸሐፊዋ «ዛሬ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ያውቃሉ?» አለችኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል! ማኅተም መታችበት፣ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ለአርባ ሦስት ቤት የምትሆን ደረሰኝ የአውቶቡስ ትኬት ታክላለች። ኪሴ ውስጥ እንዳለች በየመንገዱ ስዳብሳት ነው የተመለስኩት።

እዚህ ሰው አላስቀየመኝም። ግን ጨዋታው ቀርቷል። ድሮ በበሬ የሚያልፍ ሁሉ «ጋሽ ሽቦ፣ ነርሷ ምን አለች?» ሳይል አያልፍም ነበር። አሁን «እንደምን ዋሉ» ብለው እግራቸውን ፈጠን ያደርጋሉ። ባለ ወፍጮው ሰላምታውንም ትቷል። እህሌን አሁን ሌላ ጎረቤት ናት አስፈጭታ ዱቄቱን የምታመጣልኝ። ይገባኛል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሰላምታ እነፍግ ነበር። ሳጥኑን ከመደርደሪያው አውርጄዋለሁ። ቦታው ባዶ ሆኖ ሳይ ደግሞ ሆዴ ባባ፤ ሙትም ቢሆን የአንቺ ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ አሁን እዚያው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። በዚህ ሰዓት ነበር የምታወራኝ እላለሁ። ምን ምን እንዳልሽኝ ልገምት እሞክርና ያቅተኛል። እህቴ ከሞተች ወዲህ በቤቴ ውስጥ ስሜን የጠራ ሰው የለም፤ አንቺ ሃምሳ ስድስት ጊዜ ጠርተሽኝ አልሰማሁም። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ልትነግሪኝ ካልፈለግሽ አልጎተጉትሽም። ግን ሰምቼ ዝም ያልኩሽ እንዳይመስልሽ።

አጎትሽ


ነሐሴ 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ የዓመቱ ሙቀት ነው፤ መስኮቱን ስከፍት የጎማው ሽታ ይገባል፣ ስዘጋ እታፈናለሁ።

ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ለማሽን ማውራት ይቀል ነበር። ወረቀት ላይ የጻፉት ተመልሶ ያፈጣል።

ነርስ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ከምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ አጠገብ መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ እዚያ የተቀደደ አንሶላና ጋዋን እጠግናለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለእናቴ «ሆስፒታል ገባሁ» ብዬ ጻፍኩላት። «ነርስ ሆንሽ?» ብላ አስጻፈችልኝ። ደስታዋ ከወረቀቱ ላይ ይፈስ ነበር። አይደለሁም ማለት አቃተኝ። የቀረውን ያውቁታል፤ ደብዳቤዎቼን ሲያነቡላት የኖሩት እርስዎ ነዎት። የማላውቀውን በሽታ፣ ያልወጋሁትን መርፌ እየጻፍኩ አሥራ አንድ ዓመት ሄድኩበት።

ስትታመም «ነይና አንቺ እዪኝ፣ የሌላ ሰው እጅ አልፈልግም» አለችኝ። ፈቃድ አወጣሁ። ትኬት ገዛሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ ሻንጣዬን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩት። መድኃኒቷን በሙሉ አልጋው ላይ ዘርግታ «የትኛውን ልዋጥ?» ስትለኝ ታየኝ። ምን ልላት ነው? ተነሥቼ በአውቶቡስ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ስትሞት እኔ አንሶላ እየጠገንኩ ነበር። ፈቃድ አልሰጡኝም ብዬ የጻፍኩልዎት ውሸት ነው።

ይኼን ነበር የነገርኩዎት። እርስዎ ደግሞ ስለ ጉልበትዎ ጠየቁኝ። አሁን ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያን ቀን ግን አልጋ ላይ ወድቄ ነው ያለቀስኩት።

እናቴ ታውቅ ነበር? አንዳንዴ የገባት ይመስለኝ ነበር። ያዩትን ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 27

ድንቢጤ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ የኮረብታውን ልንገርሽ፣ ለሌላው ጉልበት እስካገኝ። አዲስ አጣሪ መጣች፤ አርባ ሦስቱንም በር አንኳኩታ፣ በየቤቱ መሣሪያዋን ከፍታ ለካች። ካርታው ላይ ቀይ ሆነናል። መምህርቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው፤ ሰው «ቀይ ሆንን!» እያለ ሲተቃቀፍ ያየ መንገደኛ ያበድን ሳይመስለው አልቀረም። ገንዘቡ ግን አንዴ ወጥቷል። በሚቀጥለው በጀት ተራ ያዙ ብለውናል። የመጀመሪያው ሰውዬ ሌላ መንደር ላይ እየቆጠረ ነው አሉ፤ መምህርቷ በእሱም ጉዳይ አመልክታለች። መስመሩ ይመጣል ብዬ አልምልልሽም።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ። እናትሽ አታውቅም ነበር። «ገብቷት ነበር፣ ይቅር ብላሻለች» ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ እጄም ለእንዲህ ዓይነቱ የሠለጠነ ነው። አታውቅም ነበር። የጤና ጣቢያዋ ሴት መርፌ ይዛ ስትመጣ «መጀመሪያ ልጄ ትየው» እያለች አራት ቀን መልሳታለች። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትራሴን ከፍ አድርጉልኝ ትል ነበር። ትናንት ሴትየዋን አራቱ ቀን ያድናት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አያድናትም አለችኝ። እውነቷን ይሁን ለእኔ ብላ አላውቅም።

ተቆጥቻለሁ። አልተቆጣሁም አልልሽም። ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ ብቻዬን ስሰድብሽ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ስድቡ አለቀብኝና ዞር ብዬ ሳይ ቤቱ ባዶ ነው። እህቴን ሳበሽቃትና ስትስቅ የሚያስታውስ ሌላ ሰው ከአንቺ በቀር የለኝም። አንቺም ከእኔ በቀር የለሽም። እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ አንቺ እዚያ ከጎማው በላይ ተቀምጠሽ፣ ለየብቻችን እስክናረጅ ድረስ እንዲህ ልንኖር ነው?

ነይ። ነርስ ሆነሽ አይደለም። ሰው ይጠይቅሻል፣ አንሶላ ጠጋኝ ነኝ በያቸው። ያፍጡብሻል፣ ያሙሻል፣ ምናልባት እንደ እኔ ሰላምታም ይነፍጉሻል። እኔ አርባ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አልሞትኩም። መቃብሯ ጋ አብረን እንወጣለን፤ ጉልበቴን አንቺ ትደግፊያለሽ። የአልጋዬም አንሶላ ከመሐሉ ተቀዷል።

የምትመጪበትን ቀን ጽፈሽ እሺ እስክልሽ እንዳትጠብቂ። ወረቀት ሦስት ሳምንት ሄዶ ሦስት ሳምንት ይመለሳል፣ እኔ ደግሞ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። መልሴን ሳትጠብቂ ነይ።

አጎትሽ